የማያቃጥል አሸዋ

የመኪናውን በር ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ የወተት ሽታ ነው። ተደፍቶ የደረቀ የሕፃን ወተት፣ ከላዩ ላይ ደግሞ መስታወቱ ሥር የተንጠለጠለ የሎሚ ሽቶ። አማን ውስጥ መኪና የሚያከራየው ሰውዬ ፊቴን አይቶ ደነገጠ። ልጆች የያዘ ቤተሰብ ትናንት እንደመለሰው፣ ጊዜ ከሰጠሁት አጥቦ ወይ ቀይሮ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። "ተወው፣ ይኸው ይሁንልኝ" አልኩት። እንደ እብድ አየኝና ቁልፉን ሰጠኝ።

እሱ በምን ያውቃል። እኔ ልጅ ሳለሁ በረሃ እንደዚህ ይሸታል ብዬ ነበር የማምነው፤ ወተትና ሎሚ። ከመሬት ተነስቼ አይደለም ያመንኩት። አይታ የመጣች ሰው ናት የነገረችኝ።

ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ ኖሮኝ፣ ብቻዬን መኪና ተከራይቼ ዮርዳኖስ በረሃ ውስጥ ወዳለው ዋዲ ረም ለመንዳት እንዴት እንደበቃሁ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ እሱን አላነሳውም። የማነሳው ስምንት ዓመቴ ላይ ቤይሩት ውስጥ ያሳለፍኩትን አንድ የሙቀት ወቅት ነው፤ ኻልቶ ሰዓዳ በረሃውን ልትረግጥ የተዘጋጀችበትን።

የምንኖረው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ የሚባል ሰፈር ነበር፣ እናቴና እኔ፣ ምድር ላይ ያለች አንድ ክፍል ውስጥ። አውሮፕላን ሲያርፍ ብርጭቆዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እናቴ ወሬዋን አቋርጣ እስኪያልፍ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች። የከሚሴ ሰው ናት። በሰዓት እየተከፈላት በየሰዉ ቤት ታጸዳለች፣ እሑድ ደግሞ መዝረዓ ሰፈር ያለ አንድ ሕንፃ ደረጃ ታጥባለች። እኔ ወረቀት የሌለኝ ልጅ ስለነበርኩ ከሰፈር እንዳልወጣ ተከልክያለሁ። እሑድ በር ተቆልፎብኝ ከመዋል ያዳነችኝ ኻልቶ ሰዓዳ ናት።

ኻልቶ በአገሩ ቋንቋ አክስት ማለት ነው፤ የሥጋ አክስቴ ግን አልነበረችም። የባቲ ሰው ናት፤ ሐዝሚዬ፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ እዚያው እያደረች ትሠራለች። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ፣ እናቴም ሳትመጣ ጀምሮ እዚያ አገር ነበረች። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ይመስለኛል። የዕረፍት ቀኗ እሑድ ስለሆነ፣ ጠዋት በሰርቪስ ታክሲ ተሳፍራ፣ ምግብ በላስቲክ ቋጥራ ትመጣለች። እናቴ "ይኸን ሁሉ ለምን ይሸከማሉ?" ስትላት "የማዳምን ትርፍራፊ እንዳይመስልሽ፣ ለእናንተ ብዬ ለብቻ የሠራሁት ነው" ብላ ትቆጣለች።

እናቴ "አንቱ" ነበር የምትላት። እኔንም "አንቱ በያት፣ አንቺ ስድ" ትለኛለች። ኻልቶ ሰዓዳ ግን "ተያት ወላሂ፣ አንቱ ስትለኝ ጉልበቴን ያመኛል" ትላለች። በአንቺ ቀረ።

ከቤታችን ጀርባ፣ ከተዘጋ ጋራዥ ፊት ለፊት፣ ጎማ የሌለው አሮጌ መርሴዲስ በድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር። ሞተሩን ማን እንደወሰደው አይታወቅም። መሪው ግን አለ፤ ስታዞሪው ይንቋቋል፤ ወንበሩ ላይ ስፖንጁ ወጥቷል። እሑድ እሑድ እሱን ይዘን ወደ ዋዲ ረም እንሄዳለን።

የምነዳው እኔ ነኝ። እግሬ ፔዳሉን አይነካም፣ ግን ጎማ የሌለው መኪና ይህን አይጠይቅም። ኻልቶ ሰዓዳ ከኋላ፣ ልክ ከሾፌሩ ጀርባ ትቀመጣለች፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ። ከፊት ነይ ብላት እምቢ ትላለች።

"ሕፃኑን ማን ይያዘው?"

"የታለ ሕፃኑ?"

"ይኸው" ትላለች ቦርሳዋን መታ መታ አድርጋ። "ያላ ሐቢብቲ፣ ንጂ፣ ፀሐዩ ሳይከርር።"

እኔ ደግሞ ከኋላ የሚቀመጠው ትልቅ ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው። የሰፈራችን ሀብታም የልብስ ነጋዴ ከኋላ ነበር የሚቀመጠው። ስለዚህ በእኔ ቤት ኻልቶ ሰዓዳ የመኪናው ጌታ ናት፣ እኔ ተቀጣሪ ሾፌሯ ነኝ። ኮራሁ እንጂ አልከፋኝም።

መንገዱን በቃሏ ታውቀው ነበር። የማዳሟ ቤተሰብ ባለፈው ዓመት፣ በሶሪያ በኩል ያለው መንገድ ያኔ ገና ሰላም ነበርና፣ በራሳቸው መኪና ነድተው ሄደው ነበር፤ ባልየው ይነዳል፣ ማዳም ከጎኑ፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላ፣ ኻልቶ ሰዓዳ ደግሞ ትንሹን ካሪምን ታቅፋ። ስለዚህ ከኋላ ሆና ትመራኛለች። ከሐዝሚዬ ሽቅብ። ተራራው ላይ ጉም አለ፣ መብራት አብሪ። ሽቱራ ላይ ቁሚ፣ የላብነ እርጎ ሳንድዊች ይገዛል፤ ልጆቹ ይበላሉ፣ አንቺም ቅመሽ። ቀጥሎ ድንበር።

ድንበሩ ላይ ፖሊሱ እሷ ራሷ ናት። ድምጿን ታጎረንናለች።

"ወረቀት!"

የዳቦ ላስቲክ አውጥቼ እሰጣታለሁ። ገልብጣ ታየዋለች፣ ወደ ብርሃን ትይዘዋለች፣ ፊቴን ታያለች፣ መልሳ ላስቲኩን ታያለች። መሪውን ጨብጬ እጠብቃለሁ።

"አህላን ማዳም" ትላለች በመጨረሻ፣ "መርሲ ክቲር፣ እለፊ።"

አንድ ቀን እንኳ መልሳኝ አታውቅም።

ከዚያ ደማስቆ፣ ከዚያ አማን፣ ከዚያ እንደ ክር የተሳበ መንገድ። ከዚያ መንገዱ ከተራራ ቁልቁል ይወድቃል፤ "ሆድሽን ያዢ!" ትላለች፤ ሁለታችንም ሆዳችንን እንይዛለን። ታች ስንደርስ ወደ ግራ ትታጠፊያለሽ፣ የባቡር ሐዲድ ታቋርጫለሽ፣ ኸላስ፣ ደረስሽ።

"ደረስኩ። ምን ይታያል?"

በዚህ ጊዜ አንገቷን ወደ ግራ መስኮት ታዞራለች። መስታወት የለውም፣ ተሰብሮ ወድቋል፤ ግን እንዳለ አድርጋ ነው የምታየው። እንደ ጣት የተሰነጠቀ ትልቅ ተራራ አለ ትለኛለች፣ ቀይ። ዝቅ ብሎ የቆርቆሮ ጥላ አለ፣ ከሥሩ ግመል ተኝቷል፣ ከግመሉ ጎን አሸዋ በጠርሙስ የሚሸጥ ሽማግሌ። ሰው ሲነጋገር አፉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። ብርድ ነው፤ ለካሪም ሹራብ ደርቤለታለሁ። ሽታውስ ስላት ወተትና ሎሚ አለችኝ፣ አላሰበችበትም እንኳን።

እኔ ይህን ሁሉ አምኜ በልቤ በረሃ ሠራሁ። ብርዳም፣ ድምፅ የሚውጥ፣ ወተት ወተት የሚሸት በረሃ። ትምህርት ቤት ብላ እናቴ በምትልከኝ አንዲት ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ በረሃ ሞቃት ነው ስትል እጄን አውጥቼ ተከራከርኩ። "አክስቴ አይታዋለች" አልኩ። ሳቁብኝ፤ እኔም ናቅኳቸው።

አይታዋለች፣ አልረገጠችውም። ይህን አልደበቀችኝም። እዚያ ሲደርሱ ካሪም አተኮሰው፤ ማዳም ፀሐይ እንዳይነካው አለች። ስለዚህ ኻልቶ ሰዓዳ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማቀዝቀዣው እየነፋ፣ ሕፃኑን አቅፋ ጠበቀች፤ ሌሎቹ ግመል ላይ ወጡ፣ በጂፕ ሄዱ፣ ማታ ሲሆን ልጆቹ በባዶ እግራቸው ከተራራው ጥላ ወደ መኪናው እየሮጡ መጡ። ከመምጣታቸው ጫማቸውን ጭኗ ላይ ጣሉት።

"አሸዋውን የማውቀው በመጥረጊያ ነው" አለችኝ አንድ ቀን። "ሳምንት ሙሉ ከመኪናው ጠረግኩ፣ ከአልጋ አራገፍኩ፣ ከጆሯቸው አጠብኩ። የሰው አሸዋ። ያኒ አንድ ቀን እንኳ በራሴ ጫማ ይዤው ልምጣና የራሴን ልጥረግ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።"

ማዳም ቃል ገብታላት ነበር። "ካሪም ከሄደ አንቺም ትሄጃለሽ" ብላታለች፤ ሕፃኑ በእግሩ መሄድ ሲጀምር ማለቷ ነው። ሊሄዱ የታሰበው በሙቀቱ ወር መጨረሻ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ኻልቶ ሰዓዳ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ወስናለች። "ረግጬው ልሂድ" ትላለች። እናቴ አንዴ "ለአሸዋ ነው እንዴ እንዲህ የሚሆኑት፣ ባቲ ቁልቁል ብትወርጂ በረሃ አይደለም?" ብላ አንቱታዋን ሁሉ ረሳች። ኻልቶ ሰዓዳ ሳቀች።

"ባቲም ወንድሞቼ ናቸው የወረዱት። እኔን ሴት ልጅ በረሃ ምን ይሠራላታል አሉኝ። በርቀት ነው ያየሁት።"

ከዚያ ወዲያ እናቴ አሸዋውን አንስታ አልቀለደችም።

በየእሑዱ ካሪም ምን ያህል እንደደረሰ እጠይቃለሁ። ድክ ድክ ይላል። ሶፋ ይዞ ይቆማል። አንድ እሑድ በሩን ገና ሳታልፍ "ሄደ!" አለች፤ "ከማድ ቤት እስከ በረንዳ፣ እኔን ሊከተል!" እናቴ እልል አለች፣ እኔም ዘለልኩ። ሦስታችን የሰው ልጅ ስለሄደልን እንዲያ ስንደሰት ያየ ሰው ምን ይለን ይሆን።

በዚያው ሰሞን ከሕንፃችን አጠገብ ለአዲስ ቤት መሠረት ጉድጓድ ተቆፈረ። የሰፈራችን መሬት ድሮ አሸዋ ነበር ይላሉ፤ ከአስፋልቱና ከቆሻሻው ሥር ቀይ አሸዋ ወጣ፣ ተከመረ። ሠራተኞቹ በሌሉበት እሑድ ቀትር ላይ እጇን ይዤ ጎተትኳት።

"ኻልቶ ነይ! በረሃ መጣ!"

ኻልቶ ሰዓዳ ክምሩን ጎንበስ ብላ አየችው። ቀለሙ እንደዚያኛው ነው አለች። ግራ ቀኝ አየችና ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፤ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወጣች።

"ውይ! ውይ ያ ረቢ! ያቃጥላል እንዴ!"

በአንድ እግሯ እየዘለለች ወረደች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ እግሯን ይዛ። ከዚያ ጠየቅኳት።

"የዋዲ ረሙም ያቃጥላል?"

ትንሽ አሰበች። "የዚያኛው አያቃጥልም። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሲሮጡ አይቻለሁ። ያኛው ሌላ ነው።"

ገባኝ። የእኛ ሰፈር ነገር ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ውኃው ጨው ጨው ይላል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ አሸዋውም ያቃጥላል። ደህናው አሸዋ ደህና ቦታ ነው ያለው።

የመጨረሻው እሑድ ስትሄድ አዲስ የሸራ ጫማ አሳየችኝ፣ ነጭ። ለዚያ ብላ የገዛችው ነው። "ሙሉ አድርጌ ነው የማመጣው" አለች። አብሬ ካልሄድኩ ብዬ አለቀስኩ፤ እናቴ ድንበር ላይ የዳቦ ላስቲክ አይቀበሉም አለችኝ። ኻልቶ ሰዓዳ እናቴን በዓይኗ ተቆጣቻትና ግንባሬን ሳመችኝ። "መንገዱን አንቺ ይዘሽዋል፣ የትም አይሄድም" አለች።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። ከዚያ በሚቀጥለውም። በዚያን ጊዜ ተቆልፎብኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ መርሴዲሱ ውስጥ ዋልኩ። አሁን ሽቱራ ናት፣ አሁን ሆዷን ይዛለች፣ አሁን ወረደች እያልኩ። ነጩ ጫማ ቀይ ሲሆን ይታየኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ሰው ብዬ እንደዚያ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ስትመጣ ከስታ ነበር። ውስጡ በቀለም አሸዋ ግመል የተሠራበት ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ።

"ረገጥሽው?"

"ረገጥኩት።"

"አያቃጥልም?"

"አያቃጥልም። አልኩሽ እኮ።"

"ጫማሽስ?"

"ጠረግኩት።"

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን ታጥብ ነበር፤ የታጠበውን መልሳ አጠበችው። የኻልቶ ሰዓዳ ጫማ እንደ ተገዛበት ቀን ነጭ ነበር። እጇ ወርቅ ነው፣ የነካችው ሁሉ ይጠራል ብዬ አደነቅኩ።

ወደ መርሴዲሱ ሄድን። ዛሬስ ከፊት ተቀመጪ ብዬ ለመንኳት፤ ያለ ወትሮዋ እሺ አለች። ቦርሳዋን ከኋላ ወንበር ላይ ጣለችው። መሪውን ይዤ "አሁን የት እንሂድ?" አልኳት።

"ባቲ።"

"መንገዱን አላውቀውም።"

"እኔም ረስቼዋለሁ" አለች። ትንሽ ተቀምጠን ገባን።

ያ ወቅት ሳያልቅ አገሯ ገባች። ጠርሙሱ በሆነ ጊዜ ቤት ስንቀይር ተሰበረ። የመሞቷን ወሬ የሰማነው ዘግይተን ነው።

አሁን መንገዱን ስነዳው አፌ ራሱ ይቀድመኝ ነበር። ቁልቁለቱ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሆዴን ያዝኩ። ወደ ግራ ታጠፍኩ፣ ሐዲዱን አቋረጥኩ። መኪና የሚቆምበት ቦታ ስደርስ ቀትር ነበር። ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩና የኋላውን በር ከፍቼ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ገብቼ ተቀመጥኩ። በሩን ዘጋሁት።

የጣቱ ተራራ። የቆርቆሮው ጥላ። ከሥሩ ግመል፣ ያው ይሁን ልጁ አላውቅም። ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ከቱሪስቶች ጋር ይከራከራል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። ማቀዝቀዣው ጉልበቴ ላይ ይነፋል፣ ወተቱና ሎሚው አፍንጫዬ ውስጥ ነው። በልጅነቴ የሠራሁት በረሃ በሙሉ በዚህች መስኮት ውስጥ ነበር፤ አንድም የጎደለ የለም፣ አንድም የተጨመረ የለም። ግን እኮ በሁለተኛው ጉዞ ወርዳበታለች። ታዲያ ለምን ሌላ ምንም አልነገረችኝም?

ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ጮህኩ። ግመሉ ቀና ብሎ አየኝ። ያቃጥላል። እንደ ቡርጁ ክምር ሳይሆን ከዚያም የባሰ ያቃጥላል።

ልከራከርላት ሞከርኩ። ሲመሽ ረግጣው ይሆናል፣ በማለዳ ይሆናል። ከዚያ ጥላው ሥር ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማ፣ ኻልቶ ሰዓዳ ያን ጊዜ ዋዲ ረም ሄዳለች?"

እናቴ መልሳ ጠየቀችኝ። "የት ሆነሽ ነው የምትጠይቂኝ?"

"እዚያው።"

"አልሄደችም" አለች። "ካሪም በእግሩ ሄደ አይደል፣ የሚታቀፍ ሕፃን የለም። ወንበሩን ለማዳም እህት ሰጡት። ሻንጣውን ራሷ ጭናላቸው ነው የነገሯት።"

"ሁለት እሑድ የት ነበረች ታዲያ?"

"ሐዝሚዬ። ቤቱን ቆልፈውባት፣ ቁልፉን ይዘው ሄዱ። በረንዳ ላይ ሆና በስልክ ነው የነገረችኝ። ጠርሙሱን ልጆቹ አመጡላት።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አትንገሪያት አለችኝ። ልጅቷ መንገዱን ይዛዋለች፣ ከእኛ አንዱ ሰው ደርሷል ብላ ትደግ አለችኝ። ምን ልበላት፣ ኸላስ፣ እሺ አልኳት።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከጥላው ወጣሁ። ጫማዬን አላደረግኩም። እግሬ ሲለበልበኝ ቆሜ አለቀስኩ፣ ጠርሙስ ሻጩ የተቃጠልኩ መስሎት ውኃ ይዞልኝ እስኪመጣ ድረስ። ከእኛ አንዱ ሰው ደርሷል፣ ኻልቶ። ያቃጥላል። አንቺ ስለሌለሽ ለማን እንደምነግረው አላውቅም።